ከንጎንግ ማዶ ያለው የጉድጓድ ውኃ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ቤት ውስጥ ፍሪጁ የእኔ አልነበረም። ወተት ማስቀመጫ ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ የባለቤቴን የውኃ ጠርሙሶች መግፋት ነበረብኝ። የወንዝ ውኃ፣ የምንጭ ውኃ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ አንዳንዴም ከመንገድ ዳር ኩሬ የተቀዳ፣ ደፍርሶ ሻይ በወተት የመሰለ ውኃ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ነጭ ፕላስቲክ ጠርሙስ። አንድ ቀን ልጃችን የክፍል ጓደኛዋን ይዛ መጣች። እንግዳዋ ውኃ ጠምቷት ፍሪጁን ስትከፍት የእኔዋ ከሳሎን ስትጮህ ሰማሁ፤ «ኖ! እሱ የአባዬ ሳምፕል ነው! ኡታኩፋ!» ትሞቻለሽ ማለቷ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ውኃ ጠጥታ አታውቅም።

ባለቤቴ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። ናይሮቢ የመጣነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ እሱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ተቀጥሮ ነው፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ ኪሊማኒ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ባለቤቴ የሚያጠናው ፍሎራይድን ነው። ፍሎራይድ በትንሹ ለጥርስ ይጠቅማል ይላል፤ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ግን የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ አጥንት ያጎብጣል። ስምጥ ሸለቆ ከላይ እስከ ታች ይህ ጣጣ አለበት። እሱም የዚያው ልጅ ነው። ያደገው ከዝዋይ ብዙም በማይርቅ ከተማ ሲሆን የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው። በሠርጋችን ፎቶ ሁሉ ላይ አፉን ገጥሞ ነው የቆመው። እናቴ አልበሙን ባየች ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ተገዶ ነው እንዴ ያገባሽ?» ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩ መሄድ ይወዳል። ንጎንግ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነፋሱ መሀል ይጓዛል፣ ወፍ በመነጽር ያያል፣ ስሟን በትንሽ ደብተር ይጽፋል። በመጀመሪያው ዓመት አብሬው ሄጄ ነበር። ሳንድዊች ሠርቼ፣ አዲስ ጫማ ገዝቼ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ወፍ አየ፤ ወፏ የምትጠጣበትን ኩሬ አየ፤ ከዚያ ገደሉን ወርዶ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አልወጣም። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ሳንድዊች በላሁ። ሲመለስ ጭቃ ለብሶ፣ አራት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ደስ ብሎት «አልደበረሽም አይደል?» አለኝ። ሁለተኛ ላልሄድ ማልኩ።

ጠርሙሱን እንኳ እችለው ነበር። አጥንቱ ነው ያማረረኝ። ፍሎራይድን ከውኃ ለማስወገድ ከሚሠሩት መንገዶች አንዱ የከብት አጥንት አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ ውኃውን በእሱ ማጥለል ነው። ይህንን በርካሽ ማንም እናት በባልዲ ልትሠራው እንድትችል አደርጋለሁ ብሎ ዓመታት ደከመበት። አጥንቱን ግን ማን ይሰጠዋል? ኪሊማኒ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ናቸው የሚሰጡት። ከቢሮ ስወጣ በመኪና ሊወስደኝ ይመጣል፤ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ማዳበሪያ አጥንት ተቀምጧል። ከዚያ ጓሮ ውስጥ በተቆረጠ በርሜል ያከስለዋል። የአንዷ ምግብ ቤት ባለቤት ነጠላዋን አጣፍታ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያዘችኝ። «እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ፕሮፌሰር ውሻ ስንት አለው?» አለችኝ። ዐቢይ ጾም ነበር። እኛ ሽሮ እየበላን ቤታችን የተቃጠለ ሥጋ ይሸታል። መጋረጃው ሳይቀር ይሸታል። ሳማርር «አጥንት ማክሰል ጾም አይሽርም» ይለኛል፣ በቁም ነገር፣ እኔ የጠየቅሁት የሃይማኖት ጥያቄ ይመስል።

ተማሪዎቹ ይፈሩታል፤ ይወዱታልም። በዓመቱ መጨረሻ የማስተርስ ተማሪዎቹን ምሳ ይጋብዛል። የማበስለው እኔ ነኝ። በአንዱ ምሳ ላይ አንዲት ተማሪው፣ ከኪሱሙ የመጣች ሳቂታ ልጅ፣ የክፍሉን ሕግ ነገረችኝ። በጠርሙስ ክዳን ላይ ስም የጻፈ ተማሪ ካየ ባለቤቴ ጠርሙሱን ያነሣና ተማሪው ፊት ገንዳ ውስጥ ይደፋዋል። ሁለት ቀን ተጉዞ ያመጣው ውኃ ቢሆንም ይደፋዋል። «ክዳን ባለቤት የለውም» ይላቸዋል፤ «ስም የሚጻፈው ገላው ላይ ነው።» ልጅቷ በእሱ ድምፅ ስታወራ ገበታው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ነገሩ የጀመረው የግቢያችን ጉድጓድ ሲቆፈር ነው። በዚያ ዓመት ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይመጣ ነበር፤ ቦቴ ስንጠብቅ ዕድሜያችን አለቀ። የግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ኬንያዊ መኮንን ነበሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገሩ ሰልፍ የሚያስተናብሩ የሚመስሉ። ብዙ ወር ለፍተው ጉድጓዱን አስቆፈሩ። ውኃ ሲፈልቅ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልኩ። ባለቤቴ ከሰው መሀል ሾልኮ ሄዶ ጠርሙስ ሞላ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከንጎንግ ማዶ፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ አንዲት የከብት አርቢዎች መንደር አለች። እሱ እያለፈ እየተመለሰ ከሰዎቹ ጋር ተላምዷል። እዚያም በቅርቡ አንድ የእጅ ፓምፕ ተተክሏል። የሴቶቹ መሪ የሆነች አሮጊት «ልጆቻችን ከዚህ ይጠጡ ወይስ እንደ ድሮው ከሩቁ ምንጭ እንቅዳ?» ብላ ጠይቃዋለች። ሊነግራት ቃል ገብቶ ጠርሙስ ሞልቶ መጣ። ሁለቱ ጠርሙሶች ፍሪጄ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እሑድ ዕለት ልጃችን የማንጎ ጭማቂ ፍሪጁ ውስጥ ደፋች። ጭማቂው ከላይኛው መደርደሪያ ወርዶ ሁሉንም አጣበቀው። እንግዶች ሊመጡ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። እየተራገምኩ ጠርሙሶቹን አወጣሁ፣ ክዳኖቹን ፈትቼ በሳሙና አጠብኩ፣ ገላቸውን ወለወልኩ፣ መልሼ ከደንኩ፣ ደረደርኩ። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። «የግቢው ውኃ አይጠጣም» አለኝ።

«እንዴት አይጠጣም?»

«ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ናይሮቢ ውስጥ አይቼ አላውቅም።»

«እሺ፣ ቀስ ብለህ ለሊቀመንበሩ ብቻ ንገራቸው» አልኩት። «ሰው ፊት እንዳታወራ። እባክህ።»

ሰው ፊት አወራ። የምረቃው ስብሰባ ላይ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ለስላሳ እየታደለ፣ ሊቀመንበሩ ንግግራቸውን እንደጨረሱ እጁን አወጣ። «ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው፤ ይህንን ውኃ ለልጆቻችሁ እንዳትሰጡ» አለ። ከዚያ ስለ ጥርስ አብራራ። ስለ አጥንት አብራራ። ላስቀምጠው ብዬ ኮቱን ስጎትት ቁልፉ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ።

ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ «ፕሮፌሰር» አሉት፤ «ሁለት ዓመት ጓሮዎ አጥንት ሲያቃጥሉ ታገሥን። አሁን ደግሞ ውኃችንን መርዝ አሉት። ሌላ የቀረ ነገር አለ?» ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደግ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ በር ላይ ሰላምታ ቀነሰ። ልጄ ለልደት ሳትጠራ ቀረች። «ማሚ፣ አባዬን ሪዛይን አድርግ በይልኝ» አለችኝ እያለቀሰች፤ ከምን እንደሚለቅ ግን እሷም አላወቀችም። እኔም በየማታው የምጨቃጨቀው ከእሱ ጋር ነበር። «ልክ ብትሆንስ? ልክ የሆነ ሰው ጎረቤት አያስፈልገውም?» እለዋለሁ። እሱ «ቁጥሩን አልፈጠርኩትም» ይላል። ቁጥሩን፣ ቁጥሩን! ቁጥሩ ቡና አያጣጣኝ፣ ልጄን ትምህርት ቤት አያደርስልኝ።

ቅዳሜውን ደስ ብሎት የተመለሰው ከመንደሯ ብቻ ነው። የፓምፑ ውኃ ጥቂት ብቻ ከፍ ቢልም ከጨቅላዎቹ በቀር ለልጆቹ ጥሩ እንደሆነ ለአሮጊቷ ነግሯት፣ ሴቶቹ ከእንግዲህ ወደ ሩቁ ምንጭ መሄድ ቀረልን ብለው መርቀው ሸኝተውት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ሊቀመንበሩ ውኃውን ከተማ ወዳለ ሌላ ቤተ ሙከራ ልከው ኖሮ አንድ ማታ ወረቀት ይዘው በራችንን አንኳኩ። አልገባም አሉ። ወረቀቱን ሰጥተውት ቆመው ሲያነብ ጠበቁት። ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል ይላል። «ብዙ እጥፍ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ሁለቱን ቃላት ብቻ፣ ከዚያም ሄዱ።

«ተሳስተዋል» አለ ባለቤቴ። በማግስቱ ግን አዲስ ውኃ ቀድቶ ወሰደና ለዚያች ለኪሱሙዋ ልጅ፣ የማን እንደሆነ ሳይነግራት፣ ለክታ እንድታመጣለት ሰጣት። ልጅቷ ያመጣችው ቁጥር ከሊቀመንበሩ ወረቀት ጋር አንድ ነው። ደግማ ለካች። ያው ነው። ቤት መጥቶ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«አልገባኝም» አለ። «መሣሪያው ደህና ነው። መለኪያው ደህና ነው። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ በግልጽ ተጽፏል።»

«ምኑ ላይ?» አልኩት እንዲያው ለነገሩ።

«ክዳኑ ላይ» አለ። «ገላው እርጥብ ስለነበር ማርከሩ እምቢ አለኝ። ሁለቱንም ለጊዜው ክዳኑ ላይ ጻፍኩ።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ማንጎው፣ ሳሙናው፣ ገንዳው ውስጥ አንድ ላይ ሲንሳፈፉ የነበሩት ነጭ ክዳኖች በአንድ ጊዜ ታዩኝ። አለመናገር እችል ነበር፤ ለአንድ አፍታ አስቤዋለሁም፣ አልዋሽም። ከዚያ ነገርኩት። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኩት፤ መጨረሻ ላይ ግን ንዴቴ መጣና «ክዳን ላይ የሚጽፈውን ተማሪ ውኃውን አትደፋበትም ነበር?» ብዬ ጨመርኩበት።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም። «ታዲያ ያ ቁጥር» አለ ቀስ ብሎ፣ «የመንደሯ ነው ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጎረቤት ፊት፣ የልደት ግብዣ፣ የኮት ቁልፍ ሲያንገበግበኝ ከርሟል። ከኮረብታው ማዶ ልጆች እሱ ጥሩ ነው ያለውን ያንን ውኃ እየጠጡ ነው።

«ሦስት ሳምንት ምንም አያደርጋቸውም» አለ መኪናው ውስጥ፣ በማግስቱ እሑድ በጠዋት ስንሄድ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። «ግን ቤታቸው ሌባ ሆኜ የገባሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።» ቅዳሴ ቀርቼ አብሬው የሄድኩት ማንም አስገድዶኝ አይደለም። መሐላዬንም ያፈረስኩት ያን ቀን ነው። መንገዱ ከአስፋልት ከወጣ በኋላ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የቀረውን በእግር ወረድን።

አሮጊቷ ከፓምፑ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጆሮዋ ላይ ዶቃ የበዛ ሴት ናት። ባለቤቴን ስታይ ተነሥታ መረቀችው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነበር። እሱ በስዋሂሊ ቆሞ ነገራት። ውኃው ጥሩ እንዳልሆነ፣ ለትናንሽ ልጆች እንዳይሰጥ፣ ለከብትና ለልብስ ማጠቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ወደ ሩቁ ምንጭ መመለስ እንዳለባቸው። ሴቶች ጄሪካናቸውን እየጣሉ ከበቡን።

«ባለፈው ጥሩ ነው ብለኸን ነበር» አለችው። «ውኃ በሦስት ሳምንት ይለወጣል እንዴ?»

«አይለወጥም እናቴ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

እኔን አላነሣም። ዝም ብዬ ብቆም ማንም አያውቅም ነበር። ግን አልቻልኩም። በተሰባበረው የገበያ ስዋሂሊዬ፣ ግማሹን በእጄ እያሳየሁ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት ክዳን፣ ሳሙና፣ እንደዚህ፣ እንደዚህ እያልኩ የያዝናቸውን ባዶ ጠርሙሶች ክዳን አዟዙሬ አሳየኋት። አሮጊቷ በትኩረት ሰማችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ስሙን ክዳኑ ላይ ነው የጻፍከው?»

«አዎ።»

«እኛ ላማችንን ቆዳዋ ላይ ነው የምንተኩሳት» አለችው። «ገመዷ ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው አለ? ገመድ እኮ ይፈታል። አንተ ደግሞ አስተማሪ ነህ ይባላል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ዓመታት የፈለግሁትን ቃል ሌላ ሰው ተናገረልኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከፓምፑ ሁለት ጠርሙስ ቀዳ፣ በሸሚዙ ጫፍ ገላቸውን አደረቀ፣ ጻፈ።

የዚያኑ ሳምንት ለክቶ አረጋገጠ፤ ቁጥሩ ያ ክፉው ቁጥር ነበር። ግቢያችን ውስጥም ስብሰባ አስጠርቶ የክዳኑን ነገር ተናገረና ይቅርታ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አጣምረው ሰሙት። በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አላበቃም። «ነገር ግን» አለ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ነገር ግን ጥቂት ከፍ ያለውም ለሕፃናት አይመከርም።» ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «አሁን ደግሞ የማን ክዳን ነው?» አለ። ቤት ስንገባ አላናገርኩትም፤ እሱም ለምን እንደተኮረፈ አልገባውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የበርሜሉ ጭስ ባሰ። ለመንደሯ ማጥለያ ለመሥራት ተማሪዎቹን በሁለት ማታቱ፣ በኬንያ ሚኒባስ፣ ጭኖ ወሰዳቸው፤ አብሬ ሄጄ ሃያ ሰው የመገብኩት እኔ ነኝ። ባልዲ ከባልዲ ላይ፣ መሀሉ የተፈጨ የከሰለ አጥንት፣ ታች ቧንቧ። አሮጊቷ አጥንቱ የከብት ብቻ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስምላ ከጠየቀች በኋላ ተቀበለች። ሁሉም ቤት ግን አልተጠቀመበትም። አንዳንዶቹ ጣዕሙ አልጣመንም አሉ፤ አንዳንዶቹ አጥንቱን መቀየር ሰልችቷቸው ባልዲውን ለወተት አዋሉት፤ ብዙዎቹ ሴቶች ያንን ሩቅ መንገድ እንደገና ጀመሩት። ባለቤቴ በየቤቱ እየገባ ተቆጣ። «ሠርቼ ሰጥቼ!» ይላል። አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን አዝላ «አባቴ፣ አንተ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትመጣው፣ ቀሪውን ስድስት ቀን ማን ይቀይረዋል?» ስትለው ባልዲውን አንሥቶ ሥሩን ማየት ጀመረ። በኋላ የመንደሩ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ አሸንዳ ተሠርቶ የዝናብ ውኃ በታንከር መጠራቀም ጀመረ፤ ያን ያሰቡት ሴቶቹ ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ልጆቹ አሁን ከዚያ ይጠጣሉ። ኬሚስትሪ የሌለበት መፍትሔ መሆኑ ትንሽ ቅር እንዳሰኘው አውቃለሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን ስይዝ የጓሮው በር ተንኳኳ። የሊቀመንበሩ ባለቤት ናቸው። አንድ እጃቸውን በልጅ ልጃቸው ጋሪ ላይ አድርገው፣ በሌላው ባዶ ጄሪካን ይዘዋል። ዙሪያቸውን አዩ።

«ያ በአጥንት የሚያጠልሉት ውኃ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ለሕፃኑ ትንሽ ይኖራችኋል? ባሌ እንዳይሰማ።»

ጓሮው ውስጥ ለሙከራ ከተቀመጠው ማጥለያ ቀዳሁላቸው። በሳምንቱ ሌላ እናት ይዘው መጡ፤ ከዚያ ሌላዋ መጣች። ጓሮው ውስጥ ሦስት ባልዲ ተተከለ። እሱ ቅዳሜና እሑድ ኮረብታ ላይ ነው፤ አጥንቱን እያጠብኩ የምቀይረው፣ ውኃውን የማድለው፣ ወረፋ የሚጣሉትን የማስታርቀው እኔ ነኝ። ከቅዳሴ አርፍጄ ስደርስ የምግብ ቤቷ ባለቤት ከአጠገቤ ቆማ ነጠላዬን አሸተተችና ምንም ሳትል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።